መሬት ያልነበረው ወንበር፦ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የምርጫ ክልልና ኤሊኖር ራትቦን

(እንግሊዝ አገር የምንኖር ሰዎች በተገናኘንበት አንድ ዝግጅት ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የእንግሊዝ የምርጫ ክልል ነው። አሁን የለም። በ1918 ተፈጠረ፣ በ1950 ጠፋ። ካርታ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ በሕይወት እያለም ካርታ ላይ አልነበረም። ወንዝ የለው፣ ሰፈር የለው፣ ድንበር የለው። ስሙ "ጥምር የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች" ነበር። መራጮቹ ከተወሰኑ ዩኒቨርሲቲዎች የተመረቁ ሰዎች ናቸው፤ የትም ይኑሩ የት፣ ዲግሪያቸው የዚያ ክልል ነዋሪ ያደርጋቸዋል። እነዚህ ሰዎች ሁለት እንደራሴ መርጠው ለንደን ወደሚገኘው ፓርላማ ይልኩ ነበር።

እኛን ምን አገባን ትሉ ይሆናል። ያገባናል። ሙሶሊኒ አገራችንን ሲወር፣ የብሪታንያ መንግሥት አንድ ቀን ማዕቀብ እያለ በማግስቱ ሲያፈገፍግ፣ ከዚህ ወንበር ላይ ተነስታ መንግሥቱን በአደባባይ የወቀሰች ሴት ነበረች። ኤሊኖር ራትቦን ትባላለች። ሲልቪያ ፓንክረስትን ሁላችንም እናውቃታለን፤ አዲስ አበባ በስሟ መንገድ አለ፣ መቃብሯም ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ይገባታል። ሲልቪያ ግን የፓርላማ አባል አልነበረችም፣ ጋዜጣዋን እያሳተመች ከውጭ ነው የታገለችው። ከውስጥ ሆነው ከጮሁት አንዷ ራትቦን ናት። የእሷን ስም እኛ አበሾች መሃል ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል፣ ዛሬ እዚህ የቆምኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ግን አለ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ራትቦን የተቀመጠችበት ወንበር ፍትሐዊ ወንበር አልነበረም። የተማረ ሰው ሁለት ጊዜ ድምፅ የሚሰጥበት፣ ያልተማረው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥበት ሥርዓት ነው የወለደው። ስለዚህ ታሪኩን ስነግራችሁ ባለውለታችንን አመስግኜ ወንበሩን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፣ ወንበሩን ኮንኜ እሷንም መርሳት አልችልም። ሁለቱም አብረው ይመጣሉ።

ነገሩ የጀመረው ከእሷ ብዙ ቀድሞ ነው። ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ በ1603 ዙፋን ላይ እንደወጣ ለኦክስፎርድና ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ሁለት የፓርላማ ወንበር ሰጠ። ሐሳቡ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ተቋም ነው፣ መሬት አለው፣ ሕግ አለው፣ ፓርላማው ስለ እሱ ሲወስን የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል የሚል ነው። ከዚያ በኋላ በእነዚህ ወንበሮች ላይ ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠዋል። አይዛክ ኒውተን፣ ያው የምታውቁት የስበት ሕጉ ሰው፣ ካምብሪጅን ወክሎ በ1689 ፓርላማ ገብቷል። ታናሹ ዊልያም ፒት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እንደራሴ ነበር። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ግላድስተን ከ1847 እስከ 1865 የኦክስፎርድ እንደራሴ ሆኖ ቆይቷል።

መራጮቹ ታዲያ ቀላል ሰዎች አልነበሩም። የኦክስፎርድ እንደራሴ የነበረው ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል በ1829 ካቶሊኮች ፓርላማ እንዲገቡ የሚፈቅደውን ሕግ በመደገፉ ኦክስፎርዶች ወንበሩን ነጠቁት። ምሩቅ ማለት ያኔ በአብዛኛው የአንግሊካን ቄስ ማለት ነበር፣ በየገጠሩ አጥቢያ የተበተነ፣ ለውጥ የማይወድ። ድምፅ ለመስጠትም እስከ ዩኒቨርሲቲው ድረስ በአካል መሄድ ግድ ነበር። በ1861 በወጣ ሕግ ነው በፖስታ መምረጥ የተፈቀደላቸው። አስቡት፣ ሌላው እንግሊዛዊ በአደባባይ፣ አሠሪውና የመሬቱ ባለቤት እያዩት ድምፁን በሚናገርበት ዘመን (ምስጢራዊ ድምፅ የመጣው በ1872 ነው) ምሩቁ ቤቱ ቁጭ ብሎ በፖስታ ይመርጥ ነበር።

ቀስ በቀስ ሌሎቹም ጠየቁ። የለንደን ዩኒቨርሲቲና የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች በ1868 ምርጫ ወንበር አገኙ። ከዚያ ደግሞ የኢንዱስትሪ ከተሞቹ የራሳቸውን ዩኒቨርሲቲ ማቋቋም ጀመሩ፤ በርሚንግሃም በ1900፣ ሊቨርፑል በ1903፣ ሊድስ በ1904፣ ሼፊልድ በ1905፣ ብሪስቶል በ1909። ከእነሱ በፊት ዱራምና ማንቸስተር ነበሩ። እነዚህ የኦክስፎርድ ዓይነት አይደሉም። በፋብሪካ ጭስ መሃል፣ በነጋዴ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው፣ የአስተማሪውንና የሱቅ ባለቤቱን ልጅ የሚያስተምሩ። በ1918 ትልቁ የምርጫ ሕግ ሲወጣ ሰባቱን በአንድ አስረው ሁለት ወንበር ሰጧቸው። ሬዲንግ በኋላ ተጨመረ። ጥምር የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የሚባለው ክልል ይህ ነው። ከ1922 ጀምሮ በአገሪቱ ያሉት የዩኒቨርሲቲ ወንበሮች ሁሉ ሲደመሩ 12 ነበሩ።

የአመራረጡን ነገር ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ራትቦንን ፓርላማ ያስገባት ይሄ ነው።

ሌላው አገር በሙሉ ዛሬ እንደምናየው ነው የሚመርጠው፤ አንድ ምልክት ታደርጋለህ፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ይገባል፣ የቀረው ይቀራል። የዩኒቨርሲቲ መራጮች ግን ከ1918 ጀምሮ ሁለትና ከዚያ በላይ ወንበር ባለበት ክልል በደረጃ ነበር የሚመርጡት። የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ እስከ መራጩ ቤት ድረስ ይመጣል። መራጩ በጣም የሚፈልገውን ሰው 1 ብሎ ይጽፋል፣ ቀጥሎ የሚፈልገውን 2፣ ከዚያ 3። ለሁለት ወንበር ስትወዳደር ከጠቅላላው ድምፅ ከሲሶው በላይ ካገኘህ ማንም አያወጣህም። ሲሶው ካልሞላልህ ደግሞ ከወደቁት ተወዳዳሪዎች ላይ ሁለተኛ ምርጫ ተብሎ የተጻፈልህ ድምፅ ይተላለፍልሃል። ስለዚህ መራጩ "ድምፄ በከንቱ ይባክናል" ብሎ አይፈራም። ፓርቲ የሌለውን፣ ነገር ግን የሚያከብረውን ሰው 1 ብሎ፣ ፓርቲውን 2 ማለት ይችላል።

ሌላም አለ። ቅስቀሳ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። መራጩ አገር ምድሩ ላይ ተበትኗል፣ የማንን በር ታንኳኳለህ? አዳራሽ ተከራይተህ ማንን ትጠራለህ? ተወዳዳሪው አቋሙን የሚገልጽ ደብዳቤ አሳትሞ ይልካል፣ መራጩ አንብቦ ይፈርዳል። ገንዘብና የሰፈር ካድሬ ያለው ትልቅ ፓርቲ እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል። በደንብ መጻፍ የሚችል፣ ሥራው የሚታወቅ ሰው ግን ዕድል አለው። የግል ተወዳዳሪ በዚያ ዘመን ፓርላማ ይገባበት የነበረ በር ካለ አንዱ ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ ክፉውን ገጽ እንይ። ዱራምን ውሰዱ። ዱራም ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነው። ከመሬት በታች ወርዶ ከሰል ሲቆፍር የሚውለው ሰው አንድ ድምፅ አለው፣ የሚኖርበት ሰፈር ድምፅ። እዚያው ከተማ ተመርቆ ያስተማረው ግን ሁለት አለው፤ አንድ በሰፈሩ፣ አንድ በዲግሪው። ሁለቱም ግብር ይከፍላሉ፣ ጦርነት ሲመጣ ሁለቱም ይዘምታሉ። ያኔ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ደግሞ ገንዘብ ያለው ወይም በጣም ዕድለኛ የሆነ ልጅ ነው። ይሄን "የዕውቀት ውክልና ነው" እያሉ የተከራከሩ አዋቂ ሰዎች ነበሩ። እኔ አልቀበለውም። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አያቶቼን አስቤ ነው የማልቀበለው። ስለ አገር፣ ስለ ግብር፣ ስለ ፍርድ ከብዙ ዲግሪ ካለው ሰው የተሻለ ይፈርዱ ነበር።

ለሴቶች ግን ሕጉ አንድ ቀዳዳ ከፈተ። በ1918 ከ30 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በዩኒቨርሲቲ ክልል መምረጥ ትችል ነበር፤ ትምህርቷን ጨርሳ "ሴት በመሆንሽ" ተብላ ዲግሪ የተከለከለችውም ጭምር። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነው። አዎ፣ 1948። እስከዚያ ድረስ ፈተናውን ያልፋሉ፣ ዲግሪውን አያገኙም፣ ድምፅ ግን ይሰጣሉ።

የክልሉ የመጀመሪያ እንደራሴዎች ሁለት ወንዶች ናቸው። አንዱ ኸርበርት ፊሸር፣ የትምህርት ሚኒስትሩ፣ ልጆች እስከ 14 ዓመታቸው ትምህርት ቤት እንዲቆዩ ያደረገው የ1918 ሕግ የእሱ ነው። ሌላው ማርቲን ኮንዌይ፣ የሥነ ጥበብ ሊቅና ተራራ ወጪ። እነሱን በዚህ ልለፋቸውና ወደ ራትቦን ልሂድ።

ኤሊኖር ራትቦን በ1872 ተወለደች። ቤተሰቧ የሊቨርፑል ትልቅ ነጋዴ ነው፣ ባሪያ ንግድን ሲቃወም የኖረ። አባቷም የፓርላማ አባል ነበር። ኦክስፎርድ ሶመርቪል ኮሌጅ ተማረች። ከዚያ ተመልሳ የሊቨርፑልን ድሃ ሰፈሮች ታጠና ጀመር፤ ወደብ ላይ በቀን ሥራ የሚውሉትን ወንዶች፣ ደመወዙ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን የሚቀርባቸውን እናቶች። በ1909 የሊቨርፑል ከተማ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች፣ ያውም በግል ተወዳድራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወታደር ሚስቶች ከመንግሥት በቀጥታ ገንዘብ ሲቀበሉ አየች። ገንዘቡ እናትየው እጅ ሲገባ ልጆቹ ይበላሉ። ይሄ ነገር ከጭንቅላቷ አልወጣም።

በ1922 ሊቨርፑል ውስጥ ኢስት ቶክስቴዝ በሚባል ተራ የምርጫ ክልል በግል ተወዳደረች። ተሸነፈች። በ1929 በጥምር የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ተወዳደረች። አሸነፈች። እስክትሞትም ድረስ ማንም ከዚያ ወንበር አላነሳትም። ያው ሰው፣ ያው ሐሳብ፣ የተለየው የምርጫው ዓይነት ብቻ ነው። ያ ምርጫ ደግሞ ሴቶች ከወንዶች እኩል፣ በ21 ዓመታቸው የመረጡበት የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ነበር፤ 14 ሴቶች ገቡ።

እዚህ ላይ እንደራሴ የሆነ ሰው ምን እንደሚሠራ አስቡ። የተራ ክልል እንደራሴ መንገዱ ተበላሸ፣ ቤቱ ያፈሳል፣ ጡረታዬ ዘገየ የሚል ደብዳቤ ሲያነብ ይውላል። ጥሩ ሥራ ነው፣ ያስፈልጋል። የራትቦን ክልል ግን መንገድም ቤትም የለውም። የፓርቲ አለቃም የላትም፣ "እንዲህ ድምፅ ስጪ" የሚላት የለም። ስለዚህ ድምፅ የሌላቸውን ሰዎች ጉዳይ ማንሳት ቻለች፤ የሕንድ ልጃገረዶችን፣ የስፔን ስደተኞችን፣ ከሂትለር የሚሸሹ አይሁዶችን፣ እኛን። ማናችንም አልመረጥናትም። የእንግሊዝ ዜግነት ገና የሌላችሁ እዚህ ያላችሁ ሰዎች ይሄ በደንብ ይገባችኋል፤ ግብር እየከፈላችሁ ለፓርላማ መምረጥ አትችሉም፣ የሚናገርላችሁ ሰው የሚገኘው ከሌላ ሰው ድምፅ ነው።

ሂትለር ሥልጣን የያዘው በጥር 1933 ነው። በሚያዝያ ራትቦን ፓርላማ ውስጥ ተነስታ ይህ መንግሥት አደጋ ነው ብላ ተናገረች። ብዙ ሰው ገና "እንየው እስቲ" በሚልበት ጊዜ።

ከዚያ የእኛ ተራ ደረሰ። ጥቅምት 1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች። ኅዳር ላይ ብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ ነበራት። የጠቅላይ ሚኒስትር ባልድዊን መንግሥት "ከመንግሥታት ማኅበር ጎን እንቆማለን፣ ወራሪን አንታገሥም" እያለ ድምፅ ጠየቀ፣ አገኘም። ምርጫው ካለፈ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ፓሪስ ላይ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ጋር ቁጭ ብሎ ኢትዮጵያን የሚቆርስ ውል ተስማማ። ለጣሊያን ሰፊ መሬት፣ ለእኛ ወደ ባሕር የምታወጣ ቀጭን መተላለፊያ። ጃንሆይን ማንም አልጠየቃቸውም። ነገሩ በፈረንሳይ ጋዜጦች ወጣ። የእንግሊዝ ሕዝብ፣ ይሄን መናገር አለብኝ፣ በጣም ተቆጣ። ለእንደራሴዎቹ የተጻፈው ደብዳቤ ብዛት ለጉድ ነበር። ታኅሣሥ 18 ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ።

ውሉ ሞተ፣ ወረራው ግን ቀጠለ። ተጣለ የተባለው ማዕቀብ ነዳጅ ዘይትን አልነካም። የስዊዝ ካናልም ክፍት ነበር፣ የጣሊያን መርከብ ወታደርና የመርዝ ጋዝ ጭኖ በእንግሊዞች ዓይን ሥር እየተመላለሰ። ግንቦት 5 ቀን 1936 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባች። ጃንሆይ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ለንደን ደረሱ። ከሳምንት በኋላ ኔቪል ቻምበርሌን፣ ያኔ የገንዘብ ሚኒስትር፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ማዕቀቡን መቀጠል እብደት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ሰኔ 30 ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ ያን ንግግር አደረጉ። ሐምሌ ላይ ማዕቀቡ ተነሳ።

በዚህ ሁሉ ራትቦን ዝም አላለችም። አቋሟ ቀላል ነበር፤ ማኅበሩ የተቋቋመው አንዱ ሲጠቃ ሁሉም እንዲነሳ ነው፣ ኢትዮጵያን ከተውን ነገ ሌላውን እንተዋለን፣ ከነገ ወዲያ ተራው የራሳችን ነው። መንግሥቷ የጣሊያንን ወረራ በዝምታ ማለፉን፣ ሂትለር ጦር እንዳይገባበት በውል ወደተከለከለው የጀርመን ክፍል፣ ወደ ራይንላንድ፣ ወታደር ሲያስገባ እጁን አጣጥፎ መቀመጡን፣ በስፔን ጦርነት ጊዜ ፊቱን ማዞሩን አንድ ላይ አያይዛ ነበር የምትወቅሰው። ለእሷ የተለያዩ ጉዳዮች አልነበሩም። ብዙ ፖለቲከኛ ኢትዮጵያን ሩቅ አገር፣ ጥቁር አገር፣ ከአውሮፓ ሰላም ጋር የማይገናኝ አድርጎ ሲያይ እሷ የአውሮፓ ሰላም እዚያ እየፈረሰ መሆኑን አየች። ትክክል ነበረች። በኅዳር 1938 የቻምበርሌን መንግሥት የጣሊያንን ንጉሥ "የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት" ብሎ ዕውቅና ሰጠ። ከ10 ወር በኋላ የዓለም ጦርነት ጀመረ።

እውነቱን ለመናገር ጦርነቱን አላስቆመችም። መንግሥቱንም አላስለወጠችም። አንድ ድምፅ ነበረች፣ ከ615 አንድ። እኔ ግን አርበኞቻችን ጫካ ውስጥ ሆነው "ዓለም ረሳን" ሲሉ፣ ዌስትሚንስተር ውስጥ ያልረሳ ሰው እንደነበር ማወቅ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጉልበቷን ስደተኞች ላይ አዋለችው። ከቼኮስሎቫኪያ የሚሸሹትን ለማውጣት ቪዛ ለመነች፣ ተከራከረች፣ ደብዳቤ ጻፈች። በ1940 መንግሥት ከናዚ ሸሽተው የመጡትን ጀርመኖችና ኦስትሪያውያን "ጠላት" ብሎ ሲያስር፣ አጥር ውስጥ ያሉትን ሄዳ ጎበኘች፣ በጥያቄም ሚኒስትሮቹን አጣደፈች። ባለሥልጣናት በረጅሙ ኮሪደር ላይ ከሩቅ፣ ወረቀት የታጨቀ ቦርሳዋን ይዛ ስትመጣ ሲያዩዋት ከምሰሶ ጀርባ ይደበቁ ነበር ይባላል። እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ የጥገኝነት ጉዳይ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፋይላችሁን አንስቶ የሚጮህ አንድ ሰው ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

አንድ ነገር ጠጋ ብዬ ላሳያችሁ፣ የሴትዮዋን ባሕርይ ያሳያል። ሕይወቷን ሙሉ የታገለችለት የልጆች አበል ሕግ በ1945 ለፓርላማ ቀረበ። ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ በየሳምንቱ 5 ሺሊንግ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ረቂቁ ግን ገንዘቡ ለአባት ይከፈላል ይላል። ራትቦን 73 ዓመቷ ሊሆን ነው፣ ደክሟታል፣ ሕጉ ዕድሜዋን በሙሉ የፈጀ ነው። ተነስታ እንዲህ ከሆነ የራሴን ሕግ እቃወማለሁ አለች። መንግሥት ለቀቀ፣ እንደራሴዎቹ እንደ ሕሊናቸው እንዲመርጡ ተፈቀደ፣ ገንዘቡ ለእናት ሆነ። ነሐሴ 6 ቀን 1946፣ ማክሰኞ ቀን፣ የእንግሊዝ እናቶች ደብተራቸውን ይዘው ፖስታ ቤት ተሰልፈው የመጀመሪያውን ክፍያ ተቀበሉ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ በየወሩ የምትቀበሉት የልጆች ድጎማ ሥሩ እዚያ ነው። ራትቦን ያን ሰልፍ አላየችም። ጥር 2 ቀን 1946 አርፋለች።

ወንበሯ ባዶ ሆነ፣ ማሟያ ምርጫ ተጠራ። የቅርብ ወዳጇ ሜሪ ስቶክስ በግል ተወዳደረች። በጠባብ ልዩነት ተሸነፈች፤ የወግ አጥባቂው ሄንሪ ስትራውስ ገባ። አንድ ወንበር ብቻ ስለነበር ያ በደረጃ መምረጥ የሚባለው ነገር አልሠራም። ሌላው የክልሉ እንደራሴ፣ በ1945 የተመረጠው ኬኔት ሊንድሴይ የግል ነበር። ከእሱ በፊት ደግሞ ኤድመንድ ሃርቪ የሚባል ኩዌከር በ1937 ገብቶ እስከ 1945 ቆይቷል፤ በሕሊናቸው ምክንያት አንዋጋም ያሉ ወጣቶችን ጉዳይ የያዘው እሱ ነው።

አሁን መዝጊያው። የሌበር ፓርቲ የዩኒቨርሲቲ ወንበሮችን ከጥንት ጀምሮ አይወዳቸውም ነበር። በ1931 ሊያስቀር ሞክሮ በአራት ድምፅ ብልጫ ብቻ ተሸነፈ። በ1945 ግን ትልቅ ድል አግኝቶ ገባ። በጦርነቱ ጊዜ ፓርቲዎቹ አንድ ላይ ተቀምጠው የዩኒቨርሲቲ ወንበሮቹ ይቆዩ ብለው ተስማምተው ነበርና ቸርችል "ቃል አፈረሳችሁ" ብሎ ጮኸ። ሌበር ግን በ1948 ሕጉን አወጣ። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ። የዩኒቨርሲቲው ወንበር ብቻ አይደለም የቀረው፤ ሱቅ ወይም ድርጅት ያለው ሰው በሱቁ አድራሻ የሚሰጠው ተጨማሪ ድምፅም አብሮ ቀረ። የካቲት 1950 በተደረገው ምርጫ 12ቱም የዩኒቨርሲቲ ወንበሮች አልነበሩም። ቸርችል ወግ አጥባቂዎች ከተመለሱ እንመልሳቸዋለን ብሎ ነበር። በ1951 ተመለሰ። ወንበሮቹን ግን አልመለሰም።

እኔ በዚያ ፓርላማ ውስጥ ብሆን በ1948 ምን እመርጥ ነበር ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። ወንበሩ ይቅር ብዬ ነበር የምመርጠው። የዱራሙ ማዕድን ቆፋሪ በዕውቀት ስም ግማሽ ሰው ሆኖ መቅረት የለበትም። ግን ሕጉን ያወጡት ሰዎች አንድ ነገር አልሠሩም፣ በዚህ እወቅሳቸዋለሁ። ሁለተኛውን ድምፅ ሲያስቀሩ በደረጃ መምረጡንም አብረው ጣሉት። ያ የአመራረጥ ዘዴ ምንም አላጠፋም፤ ለማዕድን ቆፋሪውም ቢሰጡት ይጠቅመው ነበር። ከዚያ በኋላ በብሪታንያ ምድር የግል ተወዳዳሪ ሆኖ ፓርላማ መግባት እጅግ ብርቅ ሆነ። ስትራውስ ወደ ኖርዊች ሄዶ በፓርቲው ስም ወንበር አገኘ። ፓርቲ ያለው መሄጃ አያጣም። እንደ ራትቦን ያለ ሰው ግን ዛሬ በየት በኩል ይገባል? በተራ ክልል ተወዳድራ በ1922 የደረሰባትን አይታችኋል።

ለንደን ዌስትሚንስተር ውስጥ ተፍተን ኮርት የሚባል ሕንፃ ላይ በስሟ ሰማያዊ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የልጆች አበል ፈር ቀዳጅ ይላታል። ልክ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ግን አያወራም፣ ያን መናገር የእኛ ፋንታ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የፓርላማው ቃለ ጉባኤ፣ ሃንሳርድ የሚባለው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ከ1935 እስከ 1938 ያለውን ዘመን አውጡና "አቢሲኒያ" ብላችሁ ፈልጉ። ማን ምን እንዳለ በስም በስሙ ተጽፏል፤ ለእኛ የተናገረውም፣ በእኛ ላይ የተናገረውም። እንግሊዝኛው የቀለላችሁ ወጣቶች አንዳንዱን ንግግር ወደ አማርኛ መልሱት፣ የራትቦንን ካገኛችሁ ከእሷ ጀምሩ። እኔ የቻልኩትን ያህል አብሬያችሁ እሠራለሁ። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።